ስፖርት ለሚወዱ ሦስት ዘመዶቼ የገና ስጦታ፤ በ3,000 ብር ምን ይገዛል?

ጥያቄ፦ የጠባሴዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ገና እየደረሰ ነው። ዘንድሮ ለሦስት ሰው ስጦታ ልስጥ ብዬ ተነስቻለሁ። ሦስቱም ስፖርት ይወዳሉ፤ በተረፈ የሚያመሳስላቸው ነገር የለም።

አንደኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን አብረን ነው የምንኖረው። ሳይነጋ ይነሳና በአስፋልቱ ዳር ይሮጣል። ክለብ ምናምን የለውም፣ ለራሱ ደስታ ነው። ሁለተኛዋ እህቴ ናት፤ ያለችው ሸዋ ሮቢት ነው። ሁለት ልጆች አሏት። ልጆቹ ሲተኙላት ስልኳን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ቪዲዮ እያየች ቤት ውስጥ ትሰራለች። ሦስተኛው አጎቴ ናቸው፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ። ስኳር አለባቸው። ሐኪም "በእግርዎ ይሂዱ" ካላቸው ወዲህ የሚያቆማቸው ጠፍቷል። ጠዋት ማታ መንገድ ላይ ናቸው።

ያለኝ 3,000 ብር ነው፤ ለሦስቱም። የስፖርት ጫማ ልግዛ ብዬ ሱቅ ገባሁና ዋጋውን ስሰማ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ብር ስጫቸው እንዳትሉኝ። ወንድሜ የስልክ ጥቅል ይገዛበታል፣ እህቴ ለልጆቿ ደብተር ታደርገዋለች። ለራሳቸው ብቻ የሚሆን ነገር ነው የፈለግሁት። እስኪ ምከሩኝ።

መልስ፦ ማለዳ ሯጭ

እህቴ፣ ወንድምሽን ሳላየው አልቀርም። እኔም በዚያው ሰዓት እዚያው አስፋልት ላይ ነኝ።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ወቅት ሌሊቱ ደመና የለውም። መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊቱን ሲለቅ ያድራል፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ ነው። ሯጭ ገላው ቶሎ ይሞቃል። የማይሞቁት ጆሮና ጣት ናቸው። ስለዚህ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና ጓንት ግዢለት። ወፍራሙን ግን ተይው። ላብ ሲመጣ አውልቆ ኪሱ የሚከተው ስስ ነገር ነው የሚያስፈልገው። ሰልባጅ ውስጥ ብትፈልጊ ከአዲሱ የተሻለ ታገኛለሽ፣ ያውም በትንሽ ብር። ጊዜ ሰጥተሽ መበርበር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ስጦታ አይመስልም፣ ግን እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። ያ መንገድ የደሴ መንገድ ነው። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ የጭነት መኪና ያልፍበታል። ጥቁር ቱታ የለበሰ ሯጭ በዚያ ጨለማ ለሹፌር አይታይም። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት የሚያንጸባርቅ ሰደርያ አለ አይደል? እሱን ግዢለት። የግንባታ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ጠይቂ፤ ከስፖርት ሱቁ ዕቃ ሁሉ ይረክሳል። ሲሮጥም መኪናው ከፊት ለፊቱ በሚመጣበት በኩል፣ ማለትም በግራው ጠርዝ ይሁን።

የጠባሴዋ

ሰደርያው ጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። ግን እሺ ብሎ ይለብሳል? ጓደኞቹ "ትራፊክ ፖሊሱ መጣ" ነው የሚሉት።

ማለዳ ሯጭ

ይሉታል። እኔንም ይሉኛል። ይልበስ።

መልስ፦ ባለ ጡንቻው

ለወንድምሽ ፕሮቲን ግዢለት። ትንሹን ዕቃ ከተገኘ በጀትሽ ይበቃል። የጂም ጓንትም አሪፍ ነው።

መልስ፦ አሰልጣኙ

ባለ ጡንቻው ወንድሜ፣ ልጁ ሯጭ ነው፤ ብረት አይገፋም። ያ ዱቄት ደግሞ ውድ ነው። ተገልብጦ የታሸገ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለች? ባቄላና ሽምብራ በሞላበት አገር፣ ለዚህ ልጅ 3,000 ብሯን እዚያ ላይ አታፍስስ። እንቁላል ቢበላ ይበቃዋል።

እህቴ፣ ጫማውን መተውሽ ጥሩ ነው። የብር ጉዳይ ባይሆንም እንኳ ጫማ በግምት አይገዛም። አበበ ቢቂላን አስቢ። የሸዋ ልጅ፣ የጃቶ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ የቀረቡለት ጫማዎች እግሩን አልተስማሙትም። ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ አሁንም አንደኛ። ወንድምሽ ባዶ እግሩን ይሩጥ እያልኩ አይደለም፤ ጠጠሩንና ብርጭቆውን ታውቂዋለሽ። የማይስማማ ጫማ ለሯጭ ጠላት ነው ለማለት ነው። አንድ ቀን አጠራቅመሽ ልትገዢለት ካሰብሽ እሱን ራሱን ይዘሽ ሂጂ። ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ እግር ቀን ሲውል ትንሽ ያብጣል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይተርፍ።

ለአሁኑ ካልሲ። ሳቅሽ? ሯጭ ካልሲ ሲሰጠው ያለውን ደስታ አላየሽም። ጥጥ የሆነው ላቡን ይጠጣና እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ እዚያ ላይ ነው እግር የሚላጠውና ውሃ የሚቋጥረው። ፖሊስተር ወይም ናይለን የበዛበትን፣ ተረከዙ ላይ ቅርጽ ያለውን ምረጪ። ጣቱ ጋ ያለውን ስፌት በእጅሽ ዳሺው፤ ከጎረበጠሽ እሱንም ይጎረብጠዋል። ሁለት ጥንድ ግዢና ጨርሺ።

ብር ከተረፈሽ ስቶፕ ዎች ያላት ትንሽ ዲጂታል ሰዓት ጨምሪበት። ስልክ ይዞ ከመሮጥ ትገላግለዋለች።

መልስ፦ የመንዝ ሴት

እኔ የምለው፣ በሶ እያለ ምን ያስጨንቅሻል? ገብሱ የራሳችን ነው። ጥሩ በሶ አስፈጭተሽ ከማር ጋር ለሦስቱም ላኪ። ወንድምሽ ከመሮጡ በፊት በጥብጦ ይጠጣዋል፣ እህትሽም እንዲሁ። ጾሙ ስለሚፈታ ለበዓሉ ጭኮ ብትሠሪበት ደግሞ ማን ይችልሻል! በንጥር ቅቤ የታሸ ጭኮ ቶሎ አይበላሽም፤ ሮቢት ድረስ ቢላክ ምንም አይሆንም።

ኮፍያውንም ከሱቅ አትግዢ። የመንዝ በግ ሱፍ የሚፈትሉ እናቶች አሉ፤ ከእነሱ ግዢ። ሱፍ በላብ ቢረጥብም ያሞቃል፣ ጥጥ ግን ያበርዳል። የእኛ ሱፍ ሸካራ ነውና ግንባሩን እንዳይበላው ውስጡን ስስ ጨርቅ አስለብጪው። ለአጎትሽ ግን እንዳትልኪ። ለመንዜ ሱፍ መላክ ለቀባሪው ማርዳት ነው።

መልስ፦ ነርሷ

የመንዟ እህቴ፣ በሶሽን እወደዋለሁ፣ ግን ለአጎቷ ማሩ ይቅር። በሶውም ቢሆን ገብስ ነው፤ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ልክ በሌለው ብርጭቆ የሚጠጣ አይደለም።

የጠባሴዋ፣ ለአጎትሽ ስለ እግራቸው አስቢ። ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብቶ ሲያቆስላቸው ላይሰማቸው ይችላል። ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ብዙ የሚሄዱ ሰው ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ የምመክርሽ ይኸውልሽ።

ካልሲ ለእሳቸውም ይሁን፣ ግን ከወንድምሽ የተለየ። ላስቲኩ የላላ፣ ባታቸው ላይ ምልክት የማይተው። ቀለሙ ነጭ ወይም ፈዛዛ ይሁን። ቆሻሻ ያሳያል ብለሽ ጥቁር እንዳትገዢ። እንዲያሳይ ነው የምንፈልገው፤ ደም ወይም ፈሳሽ ከነካው ወዲያው ይታያል።

ከዚያ አንዲት ትንሽ መስታወት። የእግር መርገጫን ጎንበስ ብሎ ማየት ለትልቅ ሰው ይከብዳል። ማታ እግራቸውን ታጥበው፣ በጣቶቻቸው መካከል ጭምር አድርቀው፣ መስታወቷን ከሥር አድርገው ያያሉ። ጫማ ከማድረጋቸው በፊት ውስጡን በእጃቸው ይዳስሱ። ቤት ውስጥም ቢሆን ባዶ እግራቸውን አይሂዱ።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ኪሳቸው ከረሜላ አይጥፋ። ሲሄዱ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካላቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ቁጭ ብለው ይምጠጡ። ለስኳር በሽተኛ ከረሜላ ስጦታ ስትሰጪ ሰው ይስቅብሻል፤ ይሳቅ፣ ምክንያቱን ንገሪያቸው ብቻ።

ስለ መሄዱ ጎበዝ በያቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ወይም የመሳሰለውን ይመክራል። እንደምትይው ከሆነ አጎትሽ ይህን ሳያልፉት አይቀሩም።

የጠባሴዋ

ነርሷ እግዜር ይስጥሽ። ክኒን ይወስዳሉ። የመስታወቷን ነገር ማን ያስበው ነበር!

መልስ፦ የሮቢት ልጅ

ሁላችሁም ስለ ብርድ ታወራላችሁ። የሮቢቷን እህት ረሳችኋት እኮ። እዚህ 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፤ ጣርማ በርን ወርዳችሁ ደብረ ሲናን ስታልፉ ጃኬት ማውለቅ የምትጀምሩበት አገር። ጓንትና ኮፍያ ብትልኪላት ልጆቹ አሻንጉሊት ያደርጉታል።

እዚህ ስፖርት የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ውሃ ነው። ጥሩ የውሃ ኮዳ ላኪላት፤ ክዳኑ የማያፈስ፣ አፉ ሰፋ ያለ፣ ለማጠብ የሚመች። ላብ መጥረጊያ ትንሽ ፎጣ ጨምሪበት።

ስትሠራ የምትተኛው ሲሚንቶ ላይ ከሆነ ወገቧ ይጎዳል። የስፖርት ምንጣፍ ከበጀት በላይ ከሆነ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አጥፋ ታንጥፍ። መቼም እዚህ ለመልበሻ አይሆን! (ፋብሪካው እንዳይቀየመኝ።)

መልስ፦ እሙ ሁለት

ወንዶቹ አፍረው ያለፉትን እኔ ልናገር። የሁለት ልጆች እናት ቤት ውስጥ የምትዘል ከሆነ ከምንም በላይ የሚያስፈልጋት ደህና የስፖርት ጡት ማስያዣ ነው። የዘወትሩ አይዝም፤ ጀርባና ትከሻ ያማል። ለራሷ ግን አትገዛውም። ቅድሚያ ለልጆቹ፣ ቀጥሎ ለቤቱ፣ እሷ መጨረሻ። እህቷ ነሽና ልኳን በስልክ ብትጠይቂያት አታፍርም። ማንጠልጠያው ሰፊ፣ ከጡት በታች ያለው ላስቲክ ጠበቅ ያለ ይሁን። ላስቲኩ ስለሚለጠጥ ይህን እንኳ ከሰልባጅ አትግዢ።

ከዚህ በተረፈ መዝለያ ገመድ። ቦታ አይፈጅ፣ መብራት አይፈልግ።

ነርሷ

ገመዱ ላይ አንድ ጥያቄ። ትንሹ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? በቅርብ የወለደች ከሆነ ዝላይ ትቆይ።

የጠባሴዋ

ሦስት ዓመት አልፎታል።

ነርሷ

እንግዲያው ችግር የለውም። ስትዘል ሽንት የሚያመልጣት ከሆነ ግን ትተወውና ሐኪም ታማክር። ብዙ እናት ይህን ደብቃ ነው የምትኖረው።

መልስ፦ ጎማ ጠጋኙ

እኔ በነጻ የሚገኝ ነገር ልንገርሽ። በቪዲዮ የሚያሳዩት ያ የሚለጠጥ ላስቲክ የለም? እጅና እግር የሚሠሩበት። ሱቅ ውስጥ በብር ይሸጣል። ከእኔ ቤት የተጣለ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጠሽ ብትሠሪው ያው ነው። የመኪና ከሆነ አራት ጣት ያህል ስፋት አድርገሽ በቁመቱ ቅደጂው። የብስክሌቱ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ለእጅ ሥራ እንዳለ ይሆናል። ቀዳዳውና የተጠገነበት ጋ አትቁረጪ፤ ሲለጠጥ የሚበጠሰው እዚያ ነው። በሳሙና ደህና አድርገሽ እጠቢው፣ ጥላ ውስጥ አድርቂው። ፀሐይ ጎማን ይሰነጥቃል።

እየሠራች ሳለ ወደ ፊቷ አቅጣጫ አትወጥረው። ቢበጠስ ዓይን ያጠፋል። ሁልጊዜ ከመጀመሯ በፊት ለጠጥ አድርጋ ስንጥቅ ትፈልግ።

ክብደት ከፈለገች ደግሞ ባለ 2 ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ። ውሃ ከሞላችው 2 ኪሎ ነው። ደረቅ አሸዋ ከሆነ 3 ኪሎ ያህል ይመጣል። ሮቢት ደግሞ አሸዋ አይቸገርም።

የሮቢት ልጅ

እውነት ነው፣ አሸዋ አንቸገርም።

መልስ፦ የአራዳ ልጅ

ቀላሉ ነገር በቴሌብር ልከሽ መገላገል ነው።

የጠባሴዋ

ወንድሜ፣ ጥያቄዬን አላነበብከውም ማለት ነው።

መልስ፦ ገበየሁ ጨዋታ

ለስፖርተኛ የገና ስጦታ ጠፋ? የገና ዱላና ሩር! "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ተብሏል። ወንድምሽ ሜዳ ላይ ወጥቶ ይለጋ። የጎረቤት መስታወት ከሰበረ ግን እኔ የለሁበትም።

ምር ምሩን ደግሞ፦ ወንድምሽ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ሮጦ ያውቃል? እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሚካሄደው፣ 10 ኪሎ ሜትሩ። የዘንድሮው አልፏል። ለሚቀጥለው ምዝገባ ሲከፈት እኔ እከፍልልሃለሁ ብለሽ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። ቲሸርቱ ከምዝገባው ጋር ነው የሚመጣው፣ ያ ራሱ ስጦታ ነው። ቲኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ግን አትዘናጊ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዋዜማው ላይ ሄዶ ዘመድ ቤት ያድራል።

አሰልጣኙ

ይህ ግሩም ሐሳብ ነው። ቀን የተቆረጠለት ሩጫ ያለው ሰው በክረምቱ ጭቃ ልምምድ አያቋርጥም። ከዚህ ከፍታ ላይ የሚለማመድ ልጅ አዲስ አበባ ሲወርድ ደግሞ አየሩ ትንሽ ይቀለዋል። ፈጥኖ እንዳይነሳ ብቻ ምከሪው። ያ ሩጫ ሕዝብ ነው፤ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ የሚጋፋ ሰው መጨረሻው ላይ በእግሩ ነው የሚሄደው።

የጠባሴዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተባረኩልኝ። እንዲህ አስቤያለሁ።

ለወንድሜ ሰደርያው፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ጓንት ከሰልባጅ። ኮፍያውን እናቴ የምታውቃቸው የሚፈትሉ ሴትዮ አሉ፣ ለእሳቸው ነግሬያለሁ። የታላቁ ሩጫውን ቃል በካርድ እጽፍለታለሁ፤ ሰዓቷ ለልደቱ ትቆይ። ለአጎቴ ነጭ ካልሲ፣ መስታወት፣ ከረሜላ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ብዙ ብር አይደለም። ስለዚህ የተረፈውን ወደ እህቴ አዙሬያለሁ። ጡት ማስያዣው ላይ አልሰስትም። ከዚያ ኮዳ፣ ገመድ፣ እንዲሁም ከመነዳሪ። ጭኮው ለእሷና ለወንድሜ። አጎቴ ሰምተው እንዳይቀየሙኝ በድብቅ ነው የማደርገው።

ጎማ ጠጋኙ፣ ሱቅህ የት ነው?

ጎማ ጠጋኙ

እኔ ያለሁት ደብረ ሲና ነው፣ ለአንቺ ይርቅሻል። ግን የትኛውም ጎማ ቤት ሂጂና የተጣለ ከመነዳሪ ስጡኝ በያቸው። ብር የሚጠይቅሽ ካለ ወደ ሌላው ሂጂ።

የጠባሴዋ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የገዛሁት ገመድ ለእኔ ረዘመብኝ። እህቴ ከእኔ አጠር ትላለች። ቆርጬ ልላክላት?

እሙ ሁለት

አትቁረጪው። ራሷ መሐሉን በአንድ እግሯ ረግጣ ሁለቱን እጀታ ወደ ላይ ትሳባቸው። ብብቷ ጋ ከደረሰ ልኳ ነው። ካለፈ እጀታው ጋ ትቋጥረው፤ ለጥቂት ቀን ዘልላ ስትለምደው ያኔ ትቁረጠው።